«ካሬ ብር» የት ይመነዘራል? ስለ ንግድ ሥራ ተማሪዎችና ስለ ስታቲስቲክስ ትምህርት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሒሳብ አያያዝ፣ የማኔጅመንት ወይም የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከሚከታተሉ ወጣቶች መካከል የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስን በፍቅር የሚያስታውስ ማግኘት ይቸግራል። አብዛኞቹ ኮርሱን እንደ ኬላ ይቆጥሩታል፤ ቀረጡ ተከፍሎ የሚታለፍ፣ ካለፉት በኋላም ዞረው የማያዩት ኬላ። ፎርሙላው ይሸመደዳል፣ ሰንጠረዡ ይሞላል፣ ካልኩሌተሩ ይነካካል፣ ፈተናው ይታለፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ስድሳ መጠይቅ ይበትንና የሰበሰበውን ቁጥር ይዞ በየቢሮው ደጅ መጥናት ይጀምራል። ሙያችን ፊዚክስ ቢሆንም እንዲህ ያሉ ተማሪዎች የእኛንም ደጅ አያልፉትም። ከዚህ በታች የምንሰነዝረው አስተያየት በአብዛኛው ከእነርሱ ጋር ካደረግነው ውይይት የመነጨ ነው።

አንባቢ «ፊዚክስን ከንግድ ጋር ምን አገናኘው?» ሊለን ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የልኬት ስሕተታቸውን ለመግራት ይጠቀሙበት የነበረውን የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ፣ ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ በ19ኛው መቶ ዓመት የሰውን ቁመትና የደረት ስፋት ለመመርመር አዋለው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1850 ስለ ኬትሌ ሥራ የጻፈውን ሐተታ ወጣቱ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል አንብቦት ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላም በ1860 ያንኑ ኩርባ የጋዝ ሞለኪውሎችን ፍጥነት ለመግለጽ ተጠቀመበት። ስለዚህ ፊዚክስ ይህን መሣሪያ መልሶ ያገኘው ሰውን ከሚቆጥሩ ሰዎች ነው። በዚህ ጉዳይ የምንናገረው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ተበዳሪ ነው ማለት ነው።

ከአንድ ትንሽ ነገር እንነሣ። ተማሪው የአንድን ሱቅ የዕለት ሽያጭ አጥንቶ ይመጣና «ቫሪያንሱ 400,000 ነው» ይለናል። «አራት መቶ ሺህ ምን?» ብለን እንጠይቃለን። «ብር» ይላል፤ መልሱ ግን ብር አይደለም። ልዩነቱ የተለካው በብር ነው፣ ከዚያ ልዩነቱ በራሱ ተባዝቷል፤ ስለዚህ አሐዱ ብር በብር፣ ማለትም «ካሬ ብር» ነው። ካሬ ሜትር መሬት ይለካል። ካሬ ብር ግን ምን ይለካል? በየትኛውም ባንክ መስኮት አይመነዘርም። ተማሪው በዚህ ጊዜ ይሥቃል፤ ከሣቁ በኋላ ግን ለምን ስኩዌር ሩት እንደምንወስድ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባዋል። የ400,000 ካሬ ብር ስኩዌር ሩት 632 ብር ገደማ ነው፤ ይህም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው፣ በአማርኛ «ከአማካዩ የተለመደው ርቀት» ልንለው የምንችለው ቁጥር ነው። ይህ ርቀት በብር ስለሚለካ ከኪራይ፣ ከደመወዝና ከብድር ክፍያ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። የፊዚክስ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አሐዱን ሳይጽፍ መልስ ቢሰጥ ማርክ ይቀነስበታል። የንግድ ሥራ ተማሪ ከዚህ ሥርዓት ለምን ነጻ እንደሆነ አይገባንም፤ እርሱ የሚቆጥረው የሰው ገንዘብ ነው።

ይህ 632 ብር የመጣበትን ሱቅ እንመልከት። የአምስት ቀን ሽያጩ 9,000፣ 10,000፣ 10,000፣ 10,000 እና 11,000 ብር ነው እንበል። ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ደግሞ 2,000፣ 4,000፣ 10,000፣ 14,000 እና 20,000 ብር ሸጠ። የሁለቱም አማካይ 10,000 ብር ነው፤ የሁለተኛው የተለመደ ርቀት ግን 6,573 ብር ይደርሳል። (እዚህ ላይ ለአምስት አካፍለናል፤ ለአራት የሚያካፍሉም አሉ፤ አምስቱ ቀን ናሙና ብቻ ከሆነ ትክክለኞቹ እነርሱ ናቸው።) ሁለቱም የሚሸጡት ወተት ቢሆን የፊተኛው ባለ ሱቅ ነገ ስንት ሊትር እንደሚያስመጣ ያውቃል። የኋለኛው ግን አንድ ቀን ወተቱ ይበላሽበታል፣ በማግሥቱ ደንበኛ ባዶ እጁን ይሸኛል። አማካዩን ብቻ የተማረ የብድር ሠራተኛ ሁለቱን ሱቆች አንድ ናቸው ብሎ በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል። ኮርሱ ከአማካይ ሳይሆን ከመለያየት መጀመር አለበት የምንለውም ስለዚህ ነው። ነገሮች ባይለያዩ ኖሮ ስታቲስቲክስ የሚባል ትምህርት ባላስፈለገም፤ አንድ ቀን ቆጥሮ መተው ይበቃ ነበር።

የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወር 100 ይደርሰዋል። ጃንጥላ አስመጪው ይህን ይዞ በየወሩ እኩል ቢያዝ በኅዳርና በታኅሣሥ መጋዘኑ ሞልቶ ይቀመጣል፣ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብባቸው በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ባዶውን ያገኘዋል። የደመወዝንም ነገር ሁሉም ያውቀዋል፦ አንድ ከፍተኛ ተከፋይ የመቶ ሰዎችን አማካይ ሽቅብ ይጎትታል፣ በመሐል የቆመውን ሰው የሚያሳየው ሚዲያን ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በዚህ ላይ መጻሕፍቱ በቂ ስለሚሉ አንዘገይም።

መጻሕፍቱ በችኰላ የሚያልፉት ሌላ የአማካይ ወጥመድ አለ። አንድ ሰው 100,000 ብር በአክሲዮን ላይ ያውላል። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው በ50 ከመቶ ያድጋል፣ በሁለተኛው በ40 ከመቶ ይወርዳል። ሁለቱን ደምረን ለሁለት ብናካፍል «በአማካይ በዓመት 5 ከመቶ ትርፍ» እናገኛለን። ገንዘቡን እንከተለው፦ 100,000 ብር 150,000 ሆነ፣ ከዚያ 90,000 ሆነ። ሰውየው 10,000 ብር ከስሯል። መባዛት ያለበትን ደምረን አማካይ ስናወጣ ኪሳራ በትርፍ ስም ይቀርባል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ካበሠረ ወዲህ ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን «አማካይ» በማስታወቂያ ላይ የሚያነብ ቁጠባ ያለው ቤተሰብ አለ፤ ማስታወቂያውን የሚያዘጋጀውም ምናልባት ዛሬ ኮርሱን እየወሰደ ያለው ተማሪ ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበን ነጥብ እንምጣ። ለዚህ ከዕድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በዚህ ተረት ውስጥ የመድን ድርጅት ሁሉ ምሥጢር ተቀምጧል፤ ቁጥሩን መጨመር ብቻ ይቀረናል። መቶ አባወራ ያለው ዕድር በዓመት በአማካይ 4 ለቅሶ ያጋጥመዋል ብለን እንያዝ። ለቅሶዎቹ እርስ በርስ ሳይያያዙ የሚመጡ ከሆነ፣ ቁጥሩ በየዓመቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው በአማካዩ ስኩዌር ሩት ያህል፣ ማለትም በ2 ገደማ ነው። ይህ የአማካዩ ግማሽ ነው፤ ስድስት ለቅሶ የሚመጣበት ዓመት እንግዳ አይደለም፣ ሰብሳቢው ለዚያ የሚሆን መጠባበቂያ መያዝ አለበት። ዕድሩ 2,500 አባወራ ቢኖረው አማካዩ 100 ለቅሶ፣ መወዛወዙ ግን 10 ብቻ ይሆናል። ግማሽ የነበረው አንድ አሥረኛ ሆነ። አባሉ ሃያ አምስት እጥፍ ሲያድግ አንጻራዊው ሥጋት በአምስት እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ የስኩዌር ሩት ሕግ ለንግድ ሥራ ተማሪ ከሚማረው ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በእኛ ሙያ ይኸው ሕግ የዕለት እንጀራ ነው። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 25 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ሞለኪውሎች አሉ። እያንዳንዱ እንደ ፈለገው ይሮጣል፤ በድምሩ ግን የሚታየው መወዛወዝ ከመቶ ቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የመኪና ጎማ ግፊት ከደቂቃ ወደ ደቂቃ የማይዘልለው ሞለኪውሎቹ ሥርዓት ስላላቸው ሳይሆን እጅግ ብዙ ስለሆኑ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ነጋዴ 25 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ደንበኛ የለውም።

ነገር ግን ከላይ «እርስ በርስ ሳይያያዙ» የሚል ሐረግ ጣል አድርገን ማለፋችንን ልብ ይሏል። በክፍል ውስጥ መምህሩ «ነጻ ኩነቶች» ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚያልፈው፣ ተማሪውም በፈተና ወረቀት ላይ ሳያስብ የሚገለብጠው ይህ ቃል የመላው ሕንጻ ማዕዘን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለምን ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ፣ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት መከራ፣ የአንዱ ቤት ሞት ከጎረቤቱ ሞት ነጻ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዕድሩ አባላት 100 ሆኑ 2,500 የስኩዌር ሩት ሕግ አያድናቸውም፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ድንኳን ይፈልጋሉ።

ባንክም እንዲሁ ነው። አንድ ባንክ ለአራት ነጋዴዎች አበደረ፤ እያንዳንዳቸው ብድራቸውን ላለመክፈል ያላቸው ዕድል ከአሥር አንድ ነው እንበል። ዕጣ ፈንታቸው የማይያያዝ ከሆነ አራቱም አንድ ላይ የመውደቃቸው ዕድል አንድ አሥረኛ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ከ10,000 አንድ ይሆናል። ባንኩ ተደላድሎ ይተኛል። ይሁንና አራቱም ቡና ላኪዎች ቢሆኑስ? እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ ዋጋው የወረደው በአንዱ ላኪ ላይ ብቻ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ገመድ የታሰሩ ከሆነ አራቱም አብረው የመውደቃቸው ዕድል ከአሥር አንድ ነው። በ10,000 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው፤ ያን ያህል ገደል የተፈጠረው አንድ ቃል በመዘለሉ ነው። በአሜሪካ የቤት ብድሮችን በሺህ እየጠቀለሉ ይሸጡ የነበሩት ተቋማት የሠሩት ስሕተት በመሠረቱ ከዚህ አይርቅም። የአንዱ ከተማ የቤት ዋጋ ቢወድቅ የሌላው ይቆማል ብለው ነበር፤ ዋጋው በአገሪቱ ሁሉ አብሮ ወረደ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ መስከረም 15 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) መክሠሩን ሲያስታውቅ፣ በዓለም ላይ እጅግ የተራቀቀ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ያላቸው ሰዎች ከሕንጻው ካርቶን ተሸክመው ወጡ። ማባዛቱን አልሳቱትም። ከማባዛታቸው በፊት ሊጠይቁ የሚገባቸውን ጥያቄ ነው የሳቱት።

ስለ ናሙናም ጥቂት እንበል። በመርካቶ እህል በረንዳ ጤፍ የምትገዛ እናት ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይታ አትገዛም፤ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ከሥር ታወጣለች። ሻጩ ጥሩውን ከላይ እንደሚያደርግ ታውቃለች። የእኛ ተማሪ ግን ስለ «የባንክ ደንበኞች እርካታ» ሲያጠና መጠይቁን የሚሰጠው ለዘመዱ፣ ለዶርም ጓደኛውና ቅርንጫፉ በር ላይ ፈገግ ላለለት ሰው ነው፤ ማለትም ከጆንያው አፍ ይዘግናል። ተናድዶ ሒሳቡን የዘጋው ደንበኛ በሩ ላይ አይገኝም። «ስድሳው ቢያንስ ስድስት መቶ በሆነ» ብሎ የሚጸጸት ብዙ ነው፤ ብዛት ግን ይህን አይፈውስም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የምርጫ መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ከዚያም አልፍሬድ ላንደን በ57 ከመቶ ድምፅ እንደሚያሸንፉ ተነበየ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መልስ ለመላክ የተነሣሡትም ከሁሉ እኩል የተውጣጡ አልነበሩም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍላተ አገር 46ቱን አሸነፉ። ጆርጅ ጋሎፕ በ50,000 ሰው ገደማ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር። መጽሔቱም ከሁለት ዓመት በኋላ መታተም አቆመ።

ናሙና የሚቀዳበት ዝርዝርም ያረጃል። አገራችን ጠቅላላ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ለ2010 ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል። በ1999 የእርሻ ማሳ የነበረ ቦታ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በጥናቱ መግቢያ ላይ የሚጠቅሰውን የሕዝብ ቁጥር በየትኛው ዓመት እንደተቆጠረ ወይም እንደተገመተ ይጽፋል፤ የማያውቅ ግን ግምቱን እንደ ቆጠራ ያቀርበዋል።

ስታቲስቲክስ ለንግድ ባዕድ ነው የሚሉ ወጣቶች የዊልያም ጎሴትን ታሪክ ቢያውቁ ደስ ይለናል። ጎሴት በኦክስፎርድ ኬሚስትሪና ሒሳብ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1899 በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው ገብስ ይገዛል፣ ጌሾ መሳዩን ሆፕ ይመዝናል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ጎሴት በእጁ የነበሩት መቶ ልኬቶች ሳይሆኑ አራት ወይም አምስት ነበሩ። የዘመኑ የስታቲስቲክስ ዘዴ ግን ለብዙ ልኬቶች የተሠፋ ልብስ ነበር። «በአራት ልኬት ላይ ምን ያህል ልመን?» የሚለው የጎሴት ጥያቄ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም እ.ኤ.አ. በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ» በሚል ስም ወጣ። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚሸመድዱት የስቱደንት ቲ ሰንጠረዥ ይህ ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልኬቱ ብዙ ሲሆን 95 ከመቶ ለመተማመን ከአማካዩ ግራና ቀኝ ሁለት ያህል ስታንዳርድ ስሕተት እንተዋለን፤ አራት ልኬት ብቻ ካለን ግን 3.2 ያህል መተው አለብን። ያነሰ ያየ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ ማለት ነው፤ የጥንቃቄው መጠን ግን በቁጥር ተነግሮታል። ሰንጠረዡ የተወለደው በቢራ ጠማቂ ቤት መሆኑን ተነግሮት የሚማር የንግድ ሥራ ተማሪ ስንት ይሆን?

በመጨረሻም ስለ ኮምፒውተሩ። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ሶፍትዌር አንዳንድ ጊዜ በሰንጠረዡ ጫፍ ላይ «.000» ብሎ ያትማል። ተማሪው ይህን ይዞ «የመሳሳት ዕድላችን ዜሮ ነው» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ግን ያለው ቁጥሩ ከ0.0005 ያንሳል ብቻ ነው። ትርጉሙም «መላምቴ ትክክል የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» አይደለም፤ «በሁለቱ ነገሮች መካከል ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ ይህን ያህል በሆነ ነበር» ማለት ነው። መጠይቁ ከጆንያው አፍ የተዘገነ ከሆነ ይህ ስሌት እንኳ አያገለግልም፤ ሶፍትዌሩ መጠይቁን ማን እንደሞላው አላየም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለን፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ይለወጥ ከማለት በፊት በአንድ መንፈቅ ሊሞከር የሚችል ነገር አለን። የሳይንስ ፋኩልቲዎች ለሌላ ፋኩልቲ የሚሰጡትን ኮርስ ለአዲስ ተቀጣሪ መምህር የሚወረወር ሸክም ማድረጋቸውን ይተዉ፤ ከሁሉ የበለጠ ልምድ ያለው ይግባበት። ተማሪው ራሱ ሄዶ የሰበሰበውን ቁጥር ይዞ ይምጣ፤ የሰፈሩ ዕድር መዝገብ፣ የአንድ ሻይ ቤት የወር ሽያጭ፣ የታክሲ ተራ የጥበቃ ደቂቃ ይበቃል። ከፈተናው ውስጥ ግማሹ ስሌት መሆኑ ይቅርና በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ የሚጻፍበት ጥያቄ ይሁን። አንዱን ናሙና እነሆ፦ «የአንድ ዕድር ሰብሳቢ አባላቱን ከ200 ወደ 800 በማሳደግ መጠባበቂያውን ከዓመት ወጪው አንጻር በግማሽ መቀነስ እንደሚችል ይናገራል። አዲሶቹ 600 አባላት ሁሉ በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩና በአንድ ግቢ የሚኖሩ ናቸው። ለሰብሳቢው ደብዳቤ ጻፍ።»